ባቡሩ የማን ይሁን ከማለታችን በፊት፣ ተራ አስከባሪው ማነው?

እስቲ አንድ ቀን በማለዳ መርካቶ ጭድ ተራ ሄዳችሁ ቁሙ። ስሙ የድሮ ነው፤ ዛሬ መንገዱን የሞላው ሸቀጥ፣ አይሱዙና ተሸካሚ ነው። ከዚያ ሰው መሃል ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ወልድያ ዘመድ ወይም ደንበኛ ያለው ብዙ ነው። ዕቃውን አስጭኖ፣ እሱ ራሱ ሌሊት ተነስቶ ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። እናቱ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስትደርስ ደውል።»

ለምን እንደምትለው ሁላችንም እናውቃለን። የጣርማ በር ቁልቁለት አለ፤ ፍሬን አለ፤ መንገድ መዘጋት አለ፤ ሲከፋም እገታ አለ።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። ወደ ወሎ የሚወስድ ሐዲድ የለም እንዴ? አለ! ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም ግንባታውን ጀምሮለታል። ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ብድር። ዋሻው ተቦረቦረ፣ ድልድዩ ተገነባ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ሲጠበቅ ጦርነት ደረሰ፤ ንብረቱ ተዘረፈ፣ ወደመ። ለመንገደኛ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት ነጎዱ። ዕዳው ግን አልቆመም።

ይሄን ስናነሳ ከናንተ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንዱ «መንግሥት አልቻለም፣ ለግል ይስጠውና እንገላገል» ይላል። ሌላው «ሐዲድ ለግል መስጠት ሀገር መሸጥ ነው» ይላል። ሁለቱም ከቁጭት የመጡ ናቸው። ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ይዘሉታል።

ሁለት አደጋዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አካባቢ ባቡር ከፍጥነት ልክ በላይ እየሄደ ኩርባ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ታሪክ ከታዩት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይሄ የኛው ነው። ድርጅቱ የመንግሥት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም፣ ጃፓን አማጋሳኪ ላይ ሌላ ባቡር በተመሳሳይ ምክንያት ኩርባ ላይ ወጣ፤ 107 ሰው ሞተ። ያ ድርጅት የግል ነበር። ነጂው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ዘግይቶ ነበር፤ ያረፈደ ነጂ ስለሚቀጣ ለማካካስ በ70 መሄድ የነበረበትን ኩርባ በ116 ገባበት።

አያችሁ? ኩርባው ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ሁለቱም ጋ የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ነጂው ሲሳሳት ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያና ድርጅቱን በጊዜ ተቆጥተህ የምታስተካክል አካል።

በተቃራኒው የጃፓኑን ሺንካንሰን እዩ። ከ1964 እ.ኤ.አ ጀምሮ መጀመሪያ በመንግሥት፣ ከ1987 በኋላ በተከፋፈሉት ኩባንያዎች ሲሠራ፣ በግጭት ወይም ሐዲድ በመሳት አንድም መንገደኛ አልሞተበትም። ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ነው፤ ዓለም የሚያከብረው ግን ጥብቅ የአቪዬሽን ሕግ ስላለበት ነው። በ2011 ዓ.ም የ302 በረራ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት በአንድ ወር ውስጥ ለዓለም ይፋ ሆኗል። ለአውሮፕላን የቻልነውን ለባቡር የማንችልበት ምክንያት የለም።

የመርካቶ ልጅ ይሄን በአንድ ቃል ይረዳዋል፦ ተራ አስከባሪ። ተራ አስከባሪው የታክሲው ባለቤት ከሆነ ተራ የለም። ባቡሩን የሚነዳው፣ ሐዲዱን የሚጠግነውና «ደህና ነው» ብሎ የሚፈርመው አንድ ሰው ከሆነ፣ መንግሥትም ይሁን የግል፣ ተሳፋሪው ዕድሉን እየቆረጠ ነው የሚሳፈረው።

ለግል ሲሰጥ የሚመጣ የራሱ አደጋ እንዳለም አንደብቅ። እንግሊዝ ሐዲዷን ሬልትራክ ለሚባል የግል ኩባንያ ሰጠች። እ.ኤ.አ በ2000 ሃትፊልድ ላይ የተሰነጠቀ ሐዲድ ተሰብሮ 4 ሰው ሞተ። ስንጥቁ ሳይቀየር የቆየ ነበር። በዓመቱ ኩባንያው ወደቀ፤ ሐዲዱም ለባለአክሲዮን ትርፍ ወደማያከፋፍል ድርጅት ተመለሰ። ጎረቤታችን ኬንያ ከኡጋንዳ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ የድሮውን መስመር ለ25 ዓመት ለሪፍት ቫሊ ሬልዌይስ ሰጠች፤ በ2017 ውሉ ፈረሰ።

የኛም ታሪክ ያስተምራል። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ለግል ኩባንያ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ። ቀዳዳውን ለመድፈን የፈረንሳይ መንግሥት ገባ፤ በ1899 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለኛ ሐዲድና ስለኛ መሬት እነሱው ተስማሙ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ስለዚህ «የግል» ያልነው ሲከስር በሩን የሚያንኳኳው የባዕድ መንግሥት ሊሆን ይችላል። ሉዓላዊነት የምንለው ነገር እዚህ ውል ውስጥ ነው ያለው።

ደግሞስ ያዋጣል ወይ? ሐቁን እንነጋገር። የመንገደኛ ባቡር በቲኬት ብቻ የሐዲዱን ወጪ የሚሸፍንበት ሀገር ጥቂት ነው። የኛ ችግር ደግሞ ይብሳል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጪ ነበሩ፤ ከመርካቶ ለቡ ለመድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። የሚያኖረው ዕቃ ጭነት እንጂ መንገደኛ አይደለም። ብድሩና መለዋወጫው በዶላር፣ ቲኬቱ በብር ነው፤ ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምን እንደሆነ ሱቅ ስትገቡ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ባለ ገበያ የሚገባ ነጋዴ ጭነቱን ይወስዳል፤ «መንገደኛው አላዋጣኝም» ብሎ እናንተን ጣቢያ ላይ ይተዋችኋል። ትርፉ የሱ፣ ኪሳራው የናንተ።

ኢሕአዴግ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም ባቡርን ጨምሮ የመንግሥት ድርጅቶች በከፊል ወይም በሙሉ ለግል ክፍት እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅም (1076/2010) በዚያው ዓመት ወጣ። በሩ በሕግ ተከፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ነገ ውል ሲመጣ ዝም ብለን «እሰይ» ወይም «እምቢ» ማለት አይበቃንም። የኛ አቋም ይሄ ነው፦

አንደኛ፣ ሐዲዱ፣ መሬቱና ጣቢያው የሕዝብ ሆኖ ይቆይ። ባቡሩን ማስኬድ ለሀገር ውስጥ ኩባንያም ሆነ ለዲያስፖራ አክሲዮን ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ነጂውን፣ ፍሬኑን፣ ሲግናሉን የሚመረምር፣ ከሻጩም ከነጂውም ነፃ የሆነ፣ ባቡር የማስቆም ሥልጣን ያለው አካል ይኑር። አደጋ ሲደርስ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይነበብ።

ሦስተኛ፣ ውሉ ይፋ ይሁን። በሳምንት ስንት የመንገደኛ ባቡር፣ በስንት ብር፣ መንግሥት የሚደጉመው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ካላከበረ የሚነጠቅበት ቀንም ይጻፍ።

አራተኛ፣ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ዛሬ በምን ሁኔታ እንዳለ፣ ምኑ እንደጎደለና መቼ እንደሚጠገን ለሕዝብ ይነገር። የከፈልንበት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን። ከሐዲድ ላይ ብሎንና ኬብል እየፈታ የሚሸጠው ከማርስ የመጣ አይደለም፤ ወንድማችን ነው። ከየት መጣ ሳይል የሚገዛውም ወንድማችን ነው። አንድ የተፈታ ብሎን ሐዲድ ያላላል፤ የላላ ሐዲድ ላይ የሚሳፈረው ደግሞ የማንም ሳይሆን የኛ ቤተሰብ ነው። ሕዝባችንን እንወዳለን ካልን የሕዝባችንን ብረት እንጠብቅ። ስታዩ ዝም አትበሉ።

ያ ጭድ ተራ የቆመ ልጅ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። ቲኬት ቆርጦ፣ ተኝቶ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ እናቱ ሳትጨነቅ «ደረስኩ» ብሎ መደወል። የባቡሩ ቀለም የመንግሥት ይሁን የኩባንያ ግድ የለውም። ተራ አስከባሪው ማን እንደሆነ ግን ግድ ሊለው ይገባል። ለናንተም።

ያነበባችሁ ላላነበበው አድርሱ።