አሻራ ቦቴ አይነዳም

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ወገኖቻችን በከባድ መኪና ሾፌርነት መሠማራታቸው ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ከእነርሱም መካከል የተሻለ ገቢ ፍለጋ በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ «ሐዝማት» የሚባለውን፣ ማለትም አደገኛ ዕቃ የማጓጓዝ ተጨማሪ ፈቃድ፣ ለማስጻፍ የሚጥሩ አሉ። ውድ አንባቢ፣ ለመሆኑ ይህ ፈቃድ የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? የሾፌሩን ችሎታ ነው ወይስ የሾፌሩን ማንነት?

መልሱን ከሕጉ ታሪክ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ የወጣው «ፓትሪዮት አክት»፣ የአመልካቹ ጀርባ ሳይጠና ፈቃዱ እንዳይሰጥ ደነገገ። ከ2005 ጀምሮ አመልካቹ የጣት አሻራውን ይሰጣል፤ የወንጀል መዝገቡና የኢሚግሬሽን ሁኔታው ይመረመራል፤ ምርመራውም ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይደገማል። ቤንዚን የጫነ ቦቴ በክፉ ሰው እጅ የጦር መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አንክድም። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን እሳቱ የመጣው ከየት ነው? እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ 32 ሺህ ሊትር ያህል ቤንዚን የጫነ ቦቴ ተገልብጦ ሲቀጣጠል ከበላዩ የነበረው የአውራ ጎዳና ድልድይ ቀልጦ ወደቀ። ምክንያቱ ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነበር። በሰኔ 2023 ፊላደልፊያ ላይ ሌላ ቦቴ በመጠምዘዣ ተገልብጦ ሾፌሩ ሞተ፤ የአይ-95 መንገድም ተደረመሰ። ሁለቱም ቦታ አሸባሪ አልነበረም። የነበረው ፈሳሽ ጭነት፣ መጠምዘዣና መሪ የያዘ ሰው ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም አሻራ አይመረምረውም።

በሥልጠና በኩልስ? ለሐዝማት አመልካቾች ከፈተና በፊት የግዴታ ትምህርት የተደነገገው ገና ከየካቲት 2022 ጀምሮ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይህ ነው! እርሱም ቢሆን የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ብቻ ነው፤ አነስተኛ የሰዓት መጠን አልተወሰነለትም፤ በኢንተርኔት ተከታትሎ 80 በመቶ ያመጣ ያልፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለቦቴ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፈቃድ ነው። እርሱ ይህን ያህል ትምህርት እንኳ አይጠይቅም፤ የጽሑፍ ፈተና ይበቃዋል። ፈሳሽ ግን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት አርፎ አይቀመጥም። በመጠምዘዣ ላይ ይናጣል፣ ክብደቱን ያዛውራል፣ መኪናውን ይጥላል። ይህንን በወረቀት ላይ ክብ በማጥቆር የተማረ ማን አለ?

«ቀጣሪዎች ሾፌሮቻቸውን እንዲያሠለጥኑ ሕጉ ያዛል» የሚል መልስ ይሰጠናል። እውነት ነው፣ ያዛል። ነገር ግን መንግሥት ለአሻራው ራሱ ዘብ ሲቆም፣ ችሎታውን ከሾፌሩ ጥድፊያ ለሚያተርፈው ቀጣሪ ትቶታል። ብዙው ሾፌር የሚከፈለው በማይል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግም ከግዛት ግዛት የሚጭነውን የከባድ መኪና ሾፌር ከትርፍ ሰዓት ክፍያ አግልሎታል። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከኪሱ የሚቀነስበት ሥርዓት አቁመን ስለ ደኅንነት መስበክ ግብዝነት ነው።

ወቀሳው ግን ለመንግሥት ብቻ አይሁን። በየቡና ቤቱ «በሁለት ቀን አለፍኩት» ተብሎ ሲወራ እናጨበጭባለን። የጥያቄና መልስ ወረቀት እየተቀባበልን እናሸመድዳለን። በቦቴው ጎን በተለጠፈው ምልክት ላይ ያለው 1203 ቁጥር ቤንዚን ማለት መሆኑን፣ የጭነቱ ሰነድ ሾፌሩ ከመኪናው ሲወርድ በመቀመጫው ላይ ወይም በበሩ ኪስ ውስጥ መቀመጥ ያለበት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደርሶ እንዲያነበው መሆኑን ያልተረዳ ሰው፣ ፈተናውን ቢያልፍም ፈቃዱ አልገባውም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። ለቦቴም ሆነ ለሐዝማት በመሪው ላይ የሚሰጥ፣ ሰዓቱ በሕግ የተወሰነ ሥልጠና ይደንገግ፤ የሾፌሩም ሰዓት ሁሉ ይከፈልበት። የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችንም ለበዓል አዳራሽ ከመከራየት ባሻገር ልምድ ያላቸውን ሾፌሮች ለአዲሶቹ አስተማሪ ያድርጉ። አገር የአሻራችንን መዝገብ ይዛለች፤ ሕይወታችንን ግን የሚጠብቀው በእጃችን ያለው ሙያ ነው።

ቸር ይግጠመን።