የእኔን ግብር አታንሱ፣ የጎረቤቴን አንሱ

አዲስ አበባ ውስጥ በስሜ የተመዘገበ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። የምኖረው ግን ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጅዳ ዓዚዚያ ሠፈር ነው። ሐጅ ሲቃረብ ሥራዬ መካ ወዳለው ዓዚዚያ ይወስደኛል፤ ለሐጃጆች የሚከራዩ ሕንፃዎችን ሒሳብ እይዛለሁ። ቤቴን የምታስተዳድርልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ከጅዳ ቆንስላ በላክሁላት ውክልና ታከራያለች፣ ግብሩን ትከፍላለች፣ ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች። እንግዲህ ስለ ንብረት ታክስ የምናገረው ቤት ኖሮኝ የማልኖርበት፣ ኪራዩን ግን የምበላ ሰው ሆኜ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሻይ ላይ ስንገናኝ የዚህ ታክስ ነገር ከተነሣ፣ የአገሬ ልጆች ሐሳብ አንድ ነው። «ሪያሉን የምንልከው እኛ፣ ቤቱን የሠራነው በስደት ላባችን፤ መንግሥት ቢያንስ ከዚህ ነፃ ያድርገን እንጂ!» ይላሉ። ምሬታቸው ይገባኛል። እኔም ቤቱን የገዛሁት ከሰው ቤት ሥራና ከመጋዘን ጥበቃ በተራረፈ ገንዘብ ነው። ጥያቄያቸውን ግን አልደግፍም። ነፃነት ይሰጥ ከተባለ እኔ የመጨረሻው ተራ ላይ ልሁን፤ መጀመሪያ ከእኔ ቤት ሥር፣ ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት ይውጡ። ሌላ ቤት የላቸውም። የብሎካችንን የውኃ ፓምፕ ቁልፍ የያዙት፣ የጥበቃ መዋጮውን በደብተር እየመዘገቡ የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። በደብተራቸው ላይ የእኔ ስም አንድ ወር ዘግይቶ እንደሆነ የእህቴ ልጅ ወዲያው ትደውልልኛለች።

ሕጉ ምን ይላል? በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 ለከተማ ቦታ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ የሚደርስ መጣኔ አስቀምጧል። ታክሱ የሚሰላው በንብረቱ ሙሉ የገበያ ዋጋ ላይ አይደለም፤ በዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው። በዚህ መካከል መጣኔውን መምረጥና ሥራ ላይ ማዋል የክልሎችና የከተሞች ፋንታ ነው። ክርክሩም መሆን ያለበት እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ማንን ስንት እንደሚያስከፍል ገና ሲወሰን ካልተናገርን፣ ከተወሰነ በኋላ የሚቀረን ማጉረምረም ብቻ ነው።

ከዚህ አዋጅ በፊት የነበረውን የምናውቀው «ጣሪያና ግድግዳ» በሚለው ስሙ ነው። መነሻው የደርጉ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ያ አዋጅም ነፃ የሚያወጣቸው ነበሩት፤ የአምልኮ ቦታዎች፣ መቃብሮች፣ ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም ዓመታዊ የኪራይ ግምታቸው ከ300 ብር በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤቶች። በዘመኑ ይህ ለድኃው ትልቅ ከለላ ነበር። 300 ብሩ ግን እዚያው 1968 ላይ ቆሞ ቀረ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት 300 ብር የሚከራይ ጓዳ እንኳ የት ይገኛል? ስለዚህ ማንም ሳይሽረው ከለላው በገዛ ራሱ ሞተ። በ2015 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የኪራይ ግምቱን ከልሶ ክፍያው ባንዴ ሲያሻቅብ፣ ድኃውን የሚለይ ሕያው መስመር ስላልነበረ ጩኸቱ ከሁሉም ቤት ተነሣ። የፖለቲካ ፓርቲው ኢዜማም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወሰደው።

አሁን ወደ 25 በመቶው እንመለስ። ሲሰሙት የድኃ ቅናሽ ይመስላል፤ ከዋጋው ሦስት አራተኛው ተነሥቶላችኋል የሚል ነውና። የሒሳብ ሰው ስለሆንሁ በምሳሌ ላስላው። የጎረቤቴ ቤት 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ 3 ሚሊዮኑ ይነሣላቸዋል። ሌላ ሠፈር 80 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቪላ አለ እንበል፤ ለሱ የሚነሣለት 60 ሚሊዮን ነው። ቅናሹ በመቶኛ እኩል ነው፤ በብር ግን ባለ ቪላው የጡረተኛዋን ሃያ እጥፍ ተጠቀመ። በ0.2 በመቶ ሲሰላ መምህርቷ 2,000 ብር፣ ባለ ቪላው 40,000 ብር ይከፍላሉ፤ ከሁለቱ ለከተማው 42,000 ብር ይገባል።

አሠራሩን እንለውጠው። ባለቤቱ ራሱ ከሚኖርበት ከእያንዳንዱ ቤት ዋጋ ላይ እኩል 3 ሚሊዮን ብር ይነሣ፤ በቀረው ላይ ግን ዝቅተኛው መጣኔ 0.1 በመቶ ይጣል። መምህርቷ 1,000 ብር ይከፍላሉ፤ ግማሹ ቀለለላቸው። ባለ ቪላው በ77 ሚሊዮን ላይ 77,000 ብር ይከፍላል። ከሁለቱ የሚገባው 78,000 ብር ነው። መጣኔው በግማሽ ወርዶ፣ ድኃው ቀሎት፣ የከተማው ገቢ ግን በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። እኔስ? የእኔም ቤት 4 ሚሊዮን ያወጣል ብንል፣ የማልኖርበት ስለሆነ 3 ሚሊዮኑ አይነሣልኝም፤ 4,000 ብር እከፍላለሁ። ከጎረቤቴ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። የኪራይ ገቢ ግብሩ ሌላ ነው፤ እሱንም ባለ ኪራይ ነኝና እከፍላለሁ። ይህ የ3 ሚሊዮን አሠራር ከአዋጁ የ25 በመቶ ስሌት የተለየ ስለሆነ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ የሚያስጨንቅ ማሻሻያ ግን አይደለም።

የምኖርበት አገር በቤት ጉዳይ የሚያደርገውን ሳይ ሐሳቤ ይበልጥ ይጠናከራል። ሳዑዲ ውስጥ በመኖሪያ ቤት ላይ በየዓመቱ የሚከፈል ታክስ የለም። ቤት ሲሸጥ ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ 5 በመቶ ይከፈላል፤ ዜጋው የሚገዛው የመጀመሪያ ቤቱ ከሆነ እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ባለው ዋጋ ላይ ያለውን ታክስ መንግሥት ይሸፍንለታል። በአንጻሩ ከተማ ውስጥ ታጥሮ ሳይሠራበት በተቀመጠ መሬት ላይ፣ እነሱ «ነጭ መሬት» በሚሉት ላይ፣ ጅዳን ጨምሮ በትላልቅ ከተሞች 2.5 በመቶ ክፍያ ሲጣል ቆየ። በ2025 ደግሞ ክፍያው እስከ 10 በመቶ እንዲደርስና ባዶ የተቀመጡ ሕንፃዎችንም እንዲነካ ተወሰነ። ሕጉ ለመኖሪያ የሚገዛውን ይደግፋል፤ አጥሮ ዋጋ የሚጠብቀውን ይቀጣል።

ይህ ማለት ግን እዚህ ሸክም የለም ማለት አይደለም። የነዳጅ ገንዘብ ያለው መንግሥት እንኳ ከአንዱ ያነሣውን በሌላው ላይ ያደርጋል። በጁላይ 2020 ተጨማሪ እሴት ታክሱ ከ5 ወደ 15 በመቶ ሲያድግ ዓዚዚያ ካለው ባቃላ (የሠፈር ሱቅ) ዘይትና ሩዝ የሚገዛው ሐበሻም፣ ፓኪስታኒውም፣ ባለ አገሩም እኩል ከፈለ። ቤተሰቡን ያመጣ የውጭ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሪያል ተብሎ የተጀመረው የጥገኞች ክፍያ በ2020 400 ደረሰበት። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ቤተሰባቸውን ወደ አገር የመለሱ ስንት ጓደኞች አሉኝ። ነፃ የወጣ ሰው ባለበት ሁሉ የእሱን ድርሻ የሚሸከም ሌላ ሰው አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ከሃምሳው ሰላሳው «ነፃ ነኝ» ካለ ሎሚው በሃያው ላይ ይወድቃል።

ከለላ ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ ካሊፎርኒያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1978 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው ፕሮፖዚሽን 13 የቤት ግምት በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ፣ ቤቱ ሲሸጥ በገበያ ዋጋ እንዲገመት አደረገ። በዚህም አንድ ዓይነት ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው አንደኛው የሌላውን ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ ልዩነቱ ማን ቀድሞ እንደገዛ ብቻ ነው። ድኃም ሆነ ባለጠጋ የቆየው ይጠቀማል፣ አዲሱ ይሸከማል። የእኛ 300 ብር ቆሞ በመቅረቱ ለማንም የማይጠቅም ሲሆን፣ የነሱ ግምት ቆሞ በመቅረቱ ለማይገባው ይጠቅማል። ስለዚህ እኔ ያልሁት 3 ሚሊዮንም ከቤት ዋጋ ጋር በየጊዜው መከለስ አለበት።

ከካሊፎርኒያ ይልቅ በአቅም የምትመስለን ፍሪታውን ናት። የሴራሊዮኗ ዋና ከተማ በ2020 ቤቶቿን በሳተላይት ምስል ቆጥራ፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የመንገዱን ቅርበት በነጥብ መዝና ግምት አወጣች። የተመዘገቡት ቤቶች ከ57 ሺሕ ገደማ ወደ 120 ሺሕ ገደማ አደጉ። ከታች ላሉት ክፍያው ቀነሰ፣ ከላይ ላሉት ጨመረ። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ለድኃው ለማንሣት የሚያስችለው መዝገብ ውስጥ ያልነበረውን ባለ ቤት ማስገባት ነው።

ሦስት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንደኛው፣ «ቤት አላቸው እንጂ ገንዘብ የላቸውም» የሚባሉ አረጋውያን ጉዳይ ነው። እውነት ነው። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ባለ ቤቶች ታክሱን ቤቱ እስኪሸጥ ወይም እስኪተላለፍ እንዲያቆዩት ትፈቅዳለች። እኛም ዘንድ 1,000 ብሩን እንኳ ላጣ አረጋዊ ዕዳው በካርታው ላይ ይመዝገብና ወራሹ ይክፈለው። ሁለተኛው፣ «አከራዩ በተከራዩ ላይ ይጭነዋል» የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አከራዩ እንዳሻው እንዳይጨምር ገድቦታል፤ እሱን ማስከበር ነው። ሦስተኛው፣ «ማን እንደሚኖርበት በምን ይታወቃል?» የሚለው ነው። አንድ ሰው በአንድ የፋይዳ ቁጥር አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ያስመዝግብ። ሁለት ቦታ እኖራለሁ የሚል ካለ ሥርዓቱ ራሱ ይይዘዋል።

የከተማው ምክር ቤት መጣኔውን ሲያጸድቅ ከአንድ ነገር በላይ አልጠይቅም። ነፃ የሚያወጣውን እያንዳንዱን ወገን በስሙ ጠርቶ፣ ለእያንዳንዱ የተነሣው ብር ስንት እንደሆነ በየዓመቱ በጀቱ ጎን ያትምልን። ዲያስፖራ፣ ባለሀብት፣ ተቋም፣ ጡረተኛ፣ ሁሉም ይጻፍ። ያን ዝርዝር ነዋሪው ሲያነብ የትኛው ከለላ እንደሚገባ፣ የትኛው በዝምድናና በጩኸት እንደተገኘ ማንም አይነግረውም፤ ራሱ ይለየዋል። እዚህ ጅዳ ያላችሁ ወገኖቼም፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስማችን ከመምህርቷ በላይ ተጽፎ እንዲገኝ ከመጠየቃችን በፊት አስቡበት። መንገዱ፣ ፍሳሹ፣ የመንገድ መብራቱ የቤታችንን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው እኛ ባንኖርበትም ነው።