ለገዳዲ ላይ ግብፅ፣ አቃቂ ላይ ኢትዮጵያ

ቦሌ ካፌ ተቀምጦ ስለ ዓባይ የማይከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት እንደተከፋፈሉት፣ ለኢትዮጵያም ጠብታ እንዳልተዉላት በቃሉ የሚያውቅ ብዙ ነው። ያው ሰው ማታ ሰሚት ወይም አያት ቤቱ ሲገባ ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ «ዛሬ ፈረቃችን ነው?» ውሃ ሌሊት ከመጣ ሮቶው ይሞላል። ካልመጣ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቦቴ መጠበቅ ነው።

የሚጠብቀው ውሃ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ዝናብ ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ ወደ ከተማዋ የሚወርደው የአዋሽ ነው። አዲስ አበባን የሚያጠጡት የለገዳዲና የድሬ ግድቦች በሰንዳፋ በኩል፣ ገፈርሳ ደግሞ በቡራዩ በኩል፣ ሁሉም ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። በሌላ አነጋገር አዲስ አበባ ለገዳዲ ላይ ግብፅ ናት፤ የምትጠጣው ከሌላው ደጅ የሚመጣ ውሃ ነው።

አቃቂ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የፋብሪካውንም የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። በወንዙ ዳር በዚያው ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ የሚሸጠው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።

የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ከ14 ዓመት ጥበቃ በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም ሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ስድስት አገሮች ያጸደቁት ይህ ሰነድ ምሰሶው ሁለት ነው፦ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም፣ እና በጎረቤት ላይ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ። ካይሮ አልፈረመችም። ካይሮን መውቀስ ቀላልም ተገቢም ነው። ግን ኢትዮጵያ ራሷ በኦሞ ወንዝ ከኬንያ ጋር፣ በዋቢ ሸበሌና በገናሌ ዳዋ ከሶማሊያ ጋር የውሃ ክፍፍል ስምምነት የላትም። የላይኛው ተፋሰስ አገር ስትሆን ዝምታው የሚመች ይመስላል።

በአገር ውስጥም ያው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49(5) የኦሮሚያን ልዩ ጥቅም በአገልግሎት አቅርቦትና በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ጭምር ይጠብቃል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። በሰኔ 2009 ዓ.ም ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ ተመራ፤ ግድብና ጉድጓድ ያለባቸው የኦሮሚያ ከተሞችና የገበሬ ቀበሌዎች በአዲስ አበባ ወጪ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ የሚል ሐሳብ ነበረበት። ሳይጸድቅ ቀረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም፣ የሰንዳፋ ገበሬዎች በከተማዋ ቆሻሻ መድፊያ ላይ ሲነሱ ሥፍራው በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ጎረቤት ሳይጠየቅ የተሠራ ነገር ስንት ወር እንደሚቆይ ያኔ ታይቷል።

ረቂቁን የገደለው ውሃው አይመስልም። የከተማዋ ባለቤትነት፣ መሬት፣ ቋንቋ ሁሉ በአንድ ከረጢት ታጭቀውበት ነበር። የውሃው ጉዳይ ተነጥሎ ለብቻው ሊወጣ ይችላል። የለገዳዲ ግድብ በደለል እንዳይሞላ እርከን የሚሠራው ከግድቡ በላይ የሚያርሰው ገበሬ ነው፤ ለዚህ ድካሙ ከሰሚትና ከአያት የውሃ ቢል ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢደርሰው፣ ቧንቧው የሚያልፍበት መንደርም ራሱ ቧንቧ ቢኖረው፣ ከተማዋም አቃቂን አጣርታ እንድትለቅ የጊዜ ገደብ ቢቆረጥላት፣ ለዚህ የካይሮ ፊርማ አያስፈልግም። የከተማው አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል ቢሮዎች ያሉት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ በታክሲ ይደረስባቸዋል።