በአንድ መኪና ለሚሄዱ መንገደኞች

በደሴ መንገድ የሚጓዙ ሰዎች ጀውሃ ላይ ተገናኝተው፣ እሑድ እሑድ የሚቆመውን የሰንበቴን ገበያ ለማየት አንድ መኪና በኅብረት ቢከራዩ ወጪው ይቀልላቸዋል። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ ስለ ሆነ ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ኪራዩ ለአራት ከተከፈለ በኋላ አንዱ ቢቀር ድርሻው በሦስቱ ላይ ይወድቃል፤ ከሦስቱም አንዲቱ ልጆቿን አስከትላ ገንዘቧን ቈጥራ የወጣች እናት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ መኪናው ሳይነሣ እያንዳንዱ ድርሻውን እንዲከፍል፣ የቀረውም ገንዘቡን መልሱልኝ እንዳይል፣ በቆላው ፀሐይ ሌላውን የሚያስጠብቅ እንዳይኖርም የመመለሻው ሰዓት እንዲወሰን እንመክራለን። እንዲህ ያደረጉ መንገደኞች ሲመለሱ ስለ ገበያው ይጫወታሉ እንጂ በሒሳብ አይከራከሩም።