የጉና ሴቶች የስፌት ጥበብና የባለቤትነት ጥያቄ

በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው ፓናማ፣ በካሪቢያን ባሕር ጠረፍና ደሴቶች የሚኖሩት የጉና ሕዝብ ሴቶች «ሞላ» በተሰኘ የስፌት ጥበብ ይታወቃሉ። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ጨርቆች ደራርበው፣ የላይኛውን በመቀስ እየቀደዱና ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፉ በእጅ ይሰፉታል፤ ከሥር ያለው ቀለም ቅርጽ ይዞ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1925 ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ካመፀባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሴቶች አለባበስ እንዲቀር መገደዱ ነበር።

ኋላ ግን ጥበቡን የሚያስመስሉ ነጋዴዎች በዙ። ተራው የፈጠራ ሕግ የፈጣሪውን ስም ይጠይቃል። የጥለቱን የመጀመሪያ ፈጣሪ የሚያውቅ ሰፊ የት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፓናማ ሕግ ቁጥር 20 ባለቤትነቱን ለግለሰብ ሳይሆን ለሕዝቡ በጋራ ሰጠ። ምዝገባውን የሚጠይቀው የሕዝቡ ጠቅላላ ጉባኤ ወይም ባህላዊ አስተዳደር ሲሆን ጠበቃ መቅጠር አያስፈልገውም፤ ክፍያም የለበትም። መብቱ የጊዜ ገደብ የለውም። ለገጠር ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የአንድ አገር ሕግ ድንበር አይሻገርም። እ.ኤ.አ. በ2019 ናይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሞላን ንድፍ ያረፈበት ጫማ «ፖርቶ ሪኮ» ብሎ ሰይሞ ለገበያ አዘጋጀ። ጥበቡ የጉና፣ ስሙ የሌላ አገር መሆኑ ነው! የጉና መሪዎች ተቃውሞ ስላሰሙ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ሽያጩን ሰረዘ። መሪዎቹ ያኔ እንዳስታወቁት የሚቃወሙት ሞላ ለገበያ መዋሉን ሳይሆን ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ መደረጉን ነው።