የፀጉር ማብቀያው ብልቃጥ እውነተኛ ዋጋ

ሰሞኑን አንድ የመኪና ደላላ ወዳጄ ከአንድ የመዋቢያ ዕቃዎች መሸጫ የገዛትን ብልቃጥ አሳየኝ። «አምስት በመቶ ነው፤ የአሜሪካ ነው፤ ዋጋውንም አስቀንሻለሁ» አለኝ በኩራት። ካርቶኗም ሆነ የአጠቃቀም ወረቀቷ ግን የሉም። መኪና ያለ ሊብሬ እንዳይገዙ ደንበኞቹን ዘወትር የሚመክር ሰው፣ አናቱ ላይ የሚያፈሰውን መድኃኒት ያለ ወረቀት ገዛ።

በብልቃጧ ያለው ሚኖክሲዲል ይባላል። መጀመሪያ ለፀጉር የታሰበ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የተፈቀደው ለከባድ የደም ግፊት የሚዋጥ ክኒን ሆኖ ነው። የወሰዱት ሕሙማን ፀጉር ሲያበቅሉ በመታየቱ አምራቹ አፕጆን የሚቀባ አድርጎ ሠራው፤ በ1988ም ሮጌይን በሚል ስም ተፈቀደለት። በ1996 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ያለ ማዘዣ መሸጡ ግን መድኃኒትነቱን አያስቀርም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ የ60 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ የሚያገለግለው 30 ቀን ብቻ ነው። ውጤት ለማየት ቢያንስ አራት ወር ገደማ ያስፈልጋል፤ ማለትም አራት ብልቃጥ ወጪ ሆኖ ገቢው ገና አልታየም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል። በመጨረሻም መቀባቱ ሲቆም የበቀለው ፀጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ይረግፋል። እንግዲህ የሚገዛው አንድ ብልቃጥ ሳይሆን ማብቂያ የሌለው የወር ኪራይ ነው። ይህን ወጪ አስቦ የገባበት ሰው አይከስርም፤ የሚከስረው በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ የሚተወው ነው።

ወዳጄ ግን መንገዱን ለማሳጠር በዕጥፍ ይቀባ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዕጥፍ መቀባት ዕጥፍ ፀጉር አያበቅልም። የሚጨምረው በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባውን መድኃኒት ነው። የደረት ሕመም፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ማዞር፣ የእጅና የእግር እብጠት፣ ድንገተኛ የክብደት መጨመር ከታየ ወዲያውኑ አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጀምር ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ከ18 ዓመት በታች ያሉ አይጠቀሙበትም። አምስት በመቶው ፈሳሽ የተዘጋጀው ለወንዶች ነው።

የሚቀባው በደረቀና ባልቆሰለ የራስ ቆዳ ላይ ነው፤ ከዚያም እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። ፈሳሹ አልኮል ስላለው ከእሳትና ከሲጋራ ይራቅ። ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ጥቂቱም ሊገድላት ይችላል።

ደግሞም የፀጉር መርገፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ ፈሳሽ የሚያገለግለው በዘር ለሚመጣው መሳሳት ነው። ቆረቆር ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሹሩባ ተጠብቆ ሲሠራ የሚረግፈው ፀጉርም መፍትሔው አሠራሩን ማላላት ነው። በድንገት ወይም እዚህም እዚያም ተነጥሎ የሚረግፍ ከሆነ አስቀድሞ ምርመራ ያሻል።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። የብልቃጡ ቦታ ከሽቶና ከሎሽን ጎን ሳይሆን ፋርማሲ ነው። አስመጪውም ሆነ ቸርቻሪው ያለ ወረቀት አይሽጥ፤ «ግፊት አለብዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅም ደንበኛ አያሸሽም። ገዢውም እሽጉን፣ የአምራቹን ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ሳያይ ገንዘቡን አያውጣ። ወዳጄ ፈሳሹን አቁሞ ግፊቱን ሊለካ ሄዷል። በራነት ንግድ አያስተጓጉልም፤ የልብ ሕመም ግን ያስተጓጉላል።