የተንቀሳቃሽ ሥዕል መሣሪያ ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች

ልጁን የሚድር፥ ክርስትና የሚያስነሣ፥ ወይም የሽማግሌ አባቱን መልክና ንግግር ለልጅ ልጅ ለማቆየት የሚወድ ሰው ሁሉ ስለ ቪድዮ ካሜራ መጠየቁ ዛሬ የተለመደ ነገር ሆኗል። ጥያቄውም አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ይበልጣል?» የሚል ነው። እኛ ግን ከዚህ አስቀድሞ «ምን ልንቀርጽበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል እንላለን። በቅሎ ለመንገድ፥ በሬም ለእርሻ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ካሜራም እንደየሥራው ነውና።

ይህ መሣሪያ በቤተ ሰብ እጅ የገባው ከጥቂት ዘመን ወዲህ ነው። ሥዕሉን የሚያነሣውና በካሴት ላይ የሚቀርጸው መኪና በአንድነት ተዋሕደው ለሕዝብ መሸጥ የጀመሩት፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቤታሙቪ የሚባለውን ካሜራ ባወጣ ጊዜ ነው። ያም ካሜራ በትከሻ ላይ የሚቀመጥ ነበረ፤ የቀረጸውንም ራሱ መልሶ ለማሳየት አይችልም ነበር። በ1995 ዓ.ም. የዲጂታል ካሴት መጣ፤ በኋላም ካሴቱ ቀርቶ የቴምብር ያህል በሆነች ሚሞሪ ካርድ ተተካ። በዚህ ዘመን ደግሞ በስልክ መቅረጽ ስለ በዛ፥ ፋብሪካዎች ለቤተ ሰብ የሚሆነውን የቪድዮ ካሜራ መሥራቱን እጅግ ቀንሰዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ካሜራው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ነው። የልጅን የመጀመሪያ እርምጃና የቤትን ጨዋታ ለጥቂት ደቂቃ ለመቅረጽ ደኅና ስልክ ይበቃል። ለዚህ ብቻ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ካሜራ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። ሥዕልን በጥራት የሚያነሣው የፎቶግራፍ ካሜራም ቪድዮ ይቀርጻል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ በራሳቸው የሚያቋርጡ ናቸው፤ ሌሎቹም ሲውሉ እየጋሉ ይቆማሉ። የቪድዮ ካሜራ የሚፈለገው ሥራው ረጅም፥ የሚቀረጸውም ነገር ሩቅ በሆነ ጊዜ ነው፤ ይኸውም እንደ ሠርግ፥ እንደ ጉባኤ፥ እንደ ደመራ ያለው ነው።

የሩቁን ነገር አቅርቦ የሚያሳየው ዙም የሚባለው ነው፤ እርሱም ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይገባል። አንደኛው በመስተዋቱ መንቀሳቀስ የሚሠራው የኦፕቲካል ዙም ሲሆን፥ የሥዕሉን ጥራት ሳያጎድል ያቀርባል። ሁለተኛው ዲጂታል ዙም የተነሣውን ሥዕል ቆርሶ ማስፋት ብቻ ስለ ሆነ፥ ባቀረበ ቍጥር መልክ ያደበዝዛል። እንግዲህ በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዲጂታል ቍጥር ትቶ የኦፕቲካሉን መመልከት ነው። ሃያ እጥፍ የሚያቀርብ መስተዋት በሕዝብ መካከል ቆሞ የሩቅ ሰው ፊት ለመለየት ይበቃል። ነገር ግን ዙሙ በረዘመ መጠን የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላልና፥ መንቀጥቀጥን በመስተዋቱ የሚያረጋጋ ካሜራ ይመረጥ፤ ባለ ሦስት እግር መቆሚያም አይታጣ።

ብርሃንን የሚቀበለው ሴንሰር የሚባለው ክፍል ነው። በጠራ ፀሓይ ትንሹም ሴንሰር መልካም ሥዕል ይሰጣል፤ ማታ በመብራት ግን ጥላው ሁሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የአንድ ኢንች ሴንሰር ያላቸው ካሜራዎች በደብዛዛ ብርሃን ይሻላሉ፤ ዋጋቸው ግን ይከብዳል፥ ዙማቸውም ብዙ ጊዜ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ማታ በድንኳን ሠርግ የሚቀርጽ ለሴንሰሩ፥ ቀን በአደባባይ የሚቀርጽ ለዙሙ ያድላ። ሁሉን አሟልቶ በርካሽ የሚገኝ የለም።

በአሜሪካ ያለ ዘመድ ካሜራ ልላክ ሲል ደግሞ አንድ ነገር ይጠየቅ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ሄርዝ፥ የአሜሪካ ግን 60 ሄርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ካሜራ በሰከንድ 30 ወይም 60 ሥዕል ያነሣል፤ በአውሮፓ የሚሸጠው ግን 25 ወይም 50 ነው። የእኛ የሸምበቆ መብራት በሰከንድ መቶ ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል፥ ለዓይን ባይታይም በአሜሪካው ካሜራ ሲቀረጽ ግድግዳው ሁሉ ሊርገበገብ ይችላል። የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት በእጅ ወደ አንድ ሃምሳኛ ወይም ወደ አንድ መቶኛ ሰከንድ የሚለወጥ ከሆነ ችግሩ ይቃለላል፤ ሳይገዛ በፊት ይህ መቻሉ ይረጋገጥ። የባትሪ መሙያውም ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉ ይታይ።

ከሁሉ በላይ ግን አደራ የምንለው ስለ ድምፅ ነው። በምናውቀው በአንድ ቤት ዘመን የጠገቡ እመቤት ስለ ትውልዳቸውና ስለ ወጣትነታቸው ሲናገሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀረጹ። ሥዕሉ አምሮ ወጣ፤ የነጠላቸው ጥለት ሳይቀር ይለያል። ነገር ግን ካሜራው ከክፍሉ ማዶ ቆሞ ስለ ነበረ፥ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ንግግራቸውን ሸፈነው። ዳግመኛ እንቀርጻለን ሲባል እመቤቲቱ ዐረፉ። ዛሬ ልጆቻቸው ያን ሥዕል ከፍተው፥ ከንፈራቸውን እየተመለከቱ ምን እንዳሉ ይከራከራሉ። ሥዕል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሠዋል፤ የጠፋን ቃል ግን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ የውጭ ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ የሌለው ካሜራ፥ የሽማግሌን ቃል ለመቅረጽ ለሚያስብ ቤት አይሆንም። በልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ከደረት ላይ ብትደረግ፥ ከውድ ካሜራ ይልቅ ትጠቅማለች።

በመጨረሻ ፎር ኬ ስለሚባለው እንናገር። ይህ ሥዕል ከፉል ኤች ዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው፥ እጅግም የጠራ ነው፤ ነገር ግን ማከማቻ ይበላል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይፈጃል፤ 64 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድም አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። በዚያው ካርድ በሰከንድ 24 ሜጋቢት በፉል ኤች ዲ ቢቀረጽ ግን ስድስት ሰዓት ያህል ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚውል ሠርግ ይህ ሒሳብ አስቀድሞ ይታሰብ፤ ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራና አንድ ትርፍ ባትሪም ይዘጋጁ።

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የራሱን ካርድ ይዞ ይሂድ። ሻጩን አስፈቅዶ በደብዛዛው ማእዘን የቆመን ሰው እያናገረ አምስት ደቂቃ ይቅረጽ፤ ወደ ቤቱም ተመልሶ በትልቅ መስኮት ይመልከተው፥ ድምፁንም ያዳምጥ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና የአንድ ቀን መዘግየት አይጎዳም። ከገዛም በኋላ ለበዓል ብሎ በሣጥን አያኑረው፤ በዚያው ሳምንት ከቤቱ ታላቅ ሰው ፊት ተቀምጦ ይጠይቃቸው። የተቀረጸውንም በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ገልብጦ ያኑር፤ አንዱ ዕቃ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ።